ሲስተር፣ ጎረቤታችን

ከፒያሳ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚወርደው መንገድ አጠገብ፣ ከእኛ ቤት ቀጥሎ ያለው ግቢ በሰፈሩ ሰው ዘንድ «የሲስተር ግቢ» ይባላል። የግቢው ባለቤት ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ ነርስ ናቸው። ልጆች ሳለን ትኩሳት የያዘን እንደ ሆነ እናቴ ቀድማ የምትሮጠው ወደ እሳቸው ነበር፤ እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጡና መጀመሪያ ውሃና ሳሙና ያስመጣሉ፤ እጃቸውን ታጥበው፣ ግንባራችንንና ሆዳችንን ዳስሰው፣ የዐይናችንን ሽፋን ገልበጥ አድርገው ካዩ በኋላ ሐኪም ቤት መሄድ ያለበትንና ቤት ተኝቶ የሚድነውን ይለያሉ። ገንዘብ አይቀበሉም፤ ቡና ግን ሳይጠጡ አይሄዱም። ስለ እሳቸው የምናውቀው ከዚህ ብዙም አያልፍም ነበር። ባላቸው እንደ ሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው እንደሚኖሩ፣ ወር በገባ በ21 ማርያምን እንደሚዘክሩ ሁሉም ያውቃል። ከየት እንደ መጡና ነርስ እንዴት እንደ ሆኑ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም፤ እሳቸውም ሳይጠየቁ የሚያወሩ ሰው አይደሉም።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወባ በአገሪቱ እንደገና መዛመቱ፣ ከዚያ የአውሮፓውያን ዓመት መግቢያ ጀምሮም ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው መታመሙ በየዜናው ይነገር ነበር። በእሳቸው ቤት ቡና ተፈልቶ ሬዲዮው ይህን ሲናገር ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱና «ደምቢያን ጠሩት?» ብለው ጠየቁኝ። ደምቢያ ለይቶ አለመጠራቱን ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው «እኔኮ የደምቢያ ልጅ ነኝ» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አጥር ተጋርተን ስንኖር ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ በአንድ ቀን የተነገረ አይደለም። ታሪካቸውን ከአንድ ጫፍ ይዘው እስከ ሌላው አያወርዱትም፤ አንድ ነገር ሲያነሡ ሌላውን ይተዉታል፤ የተዉትን ከሳምንታት በኋላ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ወይም ከቅዳሴ መልስ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጨርሱታል። እኔ እዚህ ላይ በቅደም ተከተል ያስቀመጥሁት ለአንባቢ እንዲመች ብዬ ነው።

ደምቢያ ከጎንደር በስተ ደቡብ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው። መሬቱ ጥቁርና ለም ስለ ሆነ ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ኑጉ ሁሉ ይበቅልበታል። ክረምቱ ሲወጣ ግን በየጎድጓዳው የተኛው ውሃ ትንኝ ያራባል። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ ወባው በየዓመቱ በአንድ መጠን አይመጣም፤ ለዓመታት ቀለል ብሎ ይቆይና ዝናብና ሙቀት የተገጣጠሙ ዕለት ሰውነቱ በሽታውን በማያውቅ ሕዝብ ላይ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1953 የሆነው ይህ ነበር። በዚያ ወረርሽኝ በደምቢያ ሜዳ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ተመዝግቧል። ሲስተር ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ።

ስለዚያ መከራ የነገሩኝ በጣም ጥቂት ነው፤ የነገሩኝንም እንዳለ አስቀምጠዋለሁ። አባታቸው ቀድመው ወደቁ፤ ቀጥሎ ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቻቸው፤ ከዚያ እናታቸው። በየቤቱ ውሃ የሚያቀብል ጤነኛ ጠፋ፤ የደረሰ እህል አጫጅ አጥቶ ማሳ ላይ ረገፈ። አጎታቸው ከጎንደር በበቅሎ መጥተው እሳቸውን ከኋላ አፈናጠው ወሰዷቸው። «በቅሎዋ ላይ ሆኜ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ አዘዞ ደርሰናል» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ሰው ያስቀረውን ነገር አስቀርቶ መኖር መብቱ ይመስለኛል፤ በተለይ ሰባ ዓመት አብሮት የኖረ ከሆነ።

ጎንደር ውስጥ ያደጉት አጎታቸው ቤት ነው። የአጎታቸው ሚስት ጥጥ እየፈተሉ ያስተማሯቸው መሆኑን ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ከእናታቸው ይልቅ ስለ እኚህ ሴት ማውራት ይቀልላቸዋል። በዚያው ዘመን ከወረርሽኙ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በጎንደር ተከፈተ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ይህ ኮሌጅ ነው። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ተባብረው ያቋቋሙት ሲሆን፣ የአሠራሩ ሐሳብ ዛሬም ሳስበው የሚያስደንቀኝ ነው። በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ፣ ሐኪም እስኪገኝ ገጠሩን ከማስጠበቅ ይልቅ አብረው የሚሠሩ ባለሙያዎችን በአንድ ግቢ አሠልጥኖ በቡድን መላክ ተመረጠ። የጤና መኮንኑ ያክማል፤ የኮሙኒቲ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ሳኒታሪያኑ የውሃውን፣ የመጸዳጃውንና የትንኙን ነገር ይይዛል። ላቦራቶሪ የሚሠራም ይጨመርላቸዋል። የቡድኑ ግማሽ ሥራ ከጤና ጣቢያው ውጭ፣ በየመንደሩና በየቤቱ ነበር።

ሲስተር ትምህርታቸውን ሲጨርሱ የተመደቡት ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ነው፤ ወላጆቻቸው ባለቁበት በዚያው በደምቢያ። ይህን ስሰማ አንድ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ወላጆቻቸውን የገደለውን በሽታ ሊዋጉ ፈልገው ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ ሳይሉ «ኧረ ዕጣ ነው የኔ ጌታ! ዕጣ አወጣን፤ ለእኔ ቆላ ድባ ወጣኝ። እንዲያውም ይለወጥልኝ ብዬ አልቅሻለሁ» አሉ። መልሳቸው ከእኔ ጥያቄ ይልቅ እሳቸውን በደንብ እንዳውቃቸው አድርጎኛል። በወደዱት ምክንያት የሄደ ሰው ሲደክመው ሊመለስ ይችላል፤ እሳቸው ግን እያለቀሱ ሄደው ለዓመታት ቆይተዋል።

ከሥራቸው ሁሉ አብዝተው የሚያወሩት ስለ ቤት ለቤት ጉብኝቱ ነው። እንዴት ይደረግ እንደ ነበር አንድ ቀን ጠረጴዛቸው ላይ አሳዩኝ። ቦርሳው ዛሬ የለም፤ በእሱ ፈንታ የዘንቢል ከረጢት አመጡ። በመጀመሪያ ያረጀ ጋዜጣ አንሥተው በመዳፋቸው እየደለደሉ ዘረጉ፤ ቦርሳው በቀጥታ መደብ ላይ ወይም መሬት ላይ አይቀመጥም፤ የአንዱን ቤት ቆሻሻ ወደ ሌላው ቤት እንዳይወስድ። ሳሙናና ፎጣ ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚሆነው፤ እነዚህ ወጥተው እጅ ሳይታጠብ ሌላው ዕቃ አይነካም። ከዚያ ቴርሞሜትር፣ የተቀቀለ መቀስ፣ ለእትብት ማሰሪያ የሚሆን ክር፣ ጥጥ፣ ኪኒኑ፣ እያንዳንዱ በቦታው። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተቆልምመዋል፤ ሆኖም ባዶ ከረጢት ውስጥ ገብተው የሌለ መቀስ ሲያነሡና ሲመልሱ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም። ሲጨርሱ ጋዜጣውን የቆሸሸው ገጽ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገው አጠፉና «እንዲህ ነው» አሉ።

ወደ ቤት መግባቱ ግን በቦርሳ ብቻ የሚሆን አልነበረም። ቤተሰቡ የማያውቃትን ልጅ እግር ሴት፣ ያውም ነጭ ለብሳ የመጣችውን፣ ጓዳ አያስገባም። ሲስተር ያገኙት መላ አራስ ጥየቃ ነበር። አራስ የጠየቀን ሰው የሚመልስ የለም፤ ገንፎው ይቀርብለታል፤ ሕፃኑንም ያያል። እሳቸውም ከመንደሩ ሴቶች ጋር አብረው ይገባሉ፣ እንደ ደንቡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ፣ ገንፎውን ይቀምሳሉ፤ የመጡበትን ነገር የሚያነሡት ከዚያ በኋላ ነው። የሕፃኑ እትብት በምን እንደ ተቆረጠ፣ ላዩ ላይ ምን እንደ ተደረገበት ይጠይቃሉ። በዛገ ምላጭ ተቆርጦ ቅቤና እበት የተቀባ እትብት ብዙ ሕፃናትን በመንጋጋ ቆልፍ ይገድል ነበር። አዋላጇን አሮጊት ግን በሰው ፊት አይነቅፏትም። «እሷ ከተቀየመች እኔ ከዚያ ቀበሌ ወጣሁ ማለት ነው» ነው የሚሉት። አዋላጆቹን በየተራ ጤና ጣቢያው ድረስ እየጠሩ፣ ቡና እያፈሉ፣ ምላጭ ቀቅሎ መጠቀምን አስተማሯቸው። እንጥል የሚቆርጡትንና የሕፃናትን ድድ የሚፍቁትን ግን እንዲህ በቀላሉ ማሳመን እንዳልቻሉ አይደብቁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል።

ወባን በተመለከተ የነገሩኝ ደግሞ በመጽሐፍ አገኘዋለሁ ብዬ የማልጠብቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሪቱ የወረደው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል፤ ከዚያ በኋላ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ ዲዲቲ በየቤቱ ይረጭ ጀመር። መድኃኒቱ የሚሠራው ትንኟ ሰው ነክሳ ከጠገበች በኋላ የምታርፍበት ግድግዳ ላይ ሲቆይ ነው። ረጪዎቹ ክረምቱ ሳይበረታ መጥተው የቤቱን ውስጥ ሁሉ ረጭተው ይሄዳሉ። ጷጉሜን ሲደርስ ደግሞ ዘመን መለወጫና መስቀል መጡ ተብሎ ቤቱ ይጸዳል፤ የቤቱ እመቤትም ግድግዳውን በጭቃና በእበት አሳምራ ትለቀልቀዋለች። መድኃኒቱ በጭቃው ሥር ይቀበራል። ወባው የሚበረታው ደግሞ ልክ ከዚያ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ረጪዎቹ ይህን ሲያዩ ሴቶቹን ይቆጡ ነበር። ሲስተር ግን ለዓመት በዓል ቤቷን ሳትለቀልቅ የምትውል ሴት እንደማትገኝ ስለሚያውቁ አትለቅልቁ ብለው አያውቁም። የውስጡ ልቅለቃ ከርጭቱ በፊት በግንቦት እንዲያልቅ፣ ለበዓሉ ደጅ ደጁና እንግዳ የሚያየው ምሰሶ ብቻ እንዲታደስ ከሴቶቹ ጋር ተመካከሩ። እሺ ያሉ ነበሩ፤ ያላሉም ነበሩ።

የክሎሮኪንም ነገር እንዲሁ ነው። ኪኒኑ ያድናል፤ ግን የብዙ ሰው ገላ በሌሊት በማሳከክ ይቃጠላል፤ በማግሥቱ «መድኃኒቱ በሽታ ሆነብኝ» ብሎ ቀሪውን ይጥለዋል። ሲስተር ማሳከኩን ቀድመው ይናገሩ ነበር፤ ሌሊት እንደሚያሳክክ፣ በሁለት በሦስት ቀን እንደሚተው፣ ኪኒኑን ማቋረጥ ግን ትኩሳቱን እንደሚመልሰው። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሲያሳክከው «ሲስተር ያለችው መጣ» ይላል እንጂ አይደነግጥም። ለሕፃናት አድቅቀው በማር ይሰጣሉ። ገበሬው ንዳድ የሚመጣው የበቆሎ እሸት ከመብላት ነው ሲልም አልተሳለቁበትም፤ እሸቱና ወባው የሚመጡት በአንድ ወቅት ስለ ሆነ ያየውን ነው የተናገረው ይላሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ በቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናት የበቆሎ የአበባ ብናኝ ውሃ ላይ ሲወድቅ የትንኝ እጮች ተመግበውት በፍጥነት እንደሚያድጉ አሳይቷል። ይህን አንብቤ ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው፤ ስማቸውን እየጠሩ «እነ እገሌ ይህን ሳይሰሙ ሞቱ» እያሉ ብዙ የደምቢያ ገበሬዎችን አነሡ።

ከቆላ ድባ ወደ ጎንደር ሆስፒታል የተዛወሩት በአብዮቱ ዋዜማ ነው። ስለዚያ ዘመን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው ያገኘሁት፤ «ሌሊት የሚመጣውን እናክማለን፤ ጠዋት ስንመጣ አልጋው ባዶ ነው»። ጎንደር በቀይ ሽብር ያሳለፈችውን የሚያውቅ ሰው የቀረውን ለመረዳት አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሌጁ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪሞችን ማሠልጠን ሲጀምር እሳቸው በእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ይሠሩ ነበር። ጀርመኖቹን የሚያነሡት በሰዓት አክባሪነታቸው ነው። ትዳራቸው፣ ልጆቻቸው፣ የባላቸው ሞት ሁሉ የመጣው በእነዚህ ዓመታት ነው፤ እነዚህን የሰፈሩ ሰው ስለሚያውቃቸው አላበዛባቸውም።

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ከተማዬን የማይበት ዐይን ተለውጧል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኛ ጎንደሬዎች እንግዳ ሲመጣብን የምናሳየው እናውቃለን፤ ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን መቆርቆራቸውን፣ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ መመዝገቡን፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን የመላእክት ሥዕል፣ የቁስቋምን ፍርስራሽ። ይህ የሚያኮራ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ከዚህችው ከተማ በቡድን እየተሠሩ ወጥተው በአገሪቱ ገጠር ሁሉ የተበተኑት የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ያደረጉት ነገር ከግንቡ የሚያንስ ታሪክ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ግንቡ ቆሞ ይታያል፤ የእነሱ ሥራ ግን ሳይሞት የቀረ ሕፃን ነውና ምልክት የለውም። የሠሩት ሰዎችም በየሰፈራችን በጡረታ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን እያለፈ ነው። ልጆቻቸው ርቀዋል፤ እኛ ጎረቤቶቻቸው ካልጠየቅናቸው ማን ይጠይቃቸዋል?

አጠያየቁም ራሱን የቻለ ነገር ነው። «ታሪክዎን ይንገሩኝ» ስላቸው ሲስተር «ምን ታሪክ አለኝና» ነበር መልሳቸው። «ጋዜጣው ለምን ነበር የሚነጠፈው?» ስላቸው ግን ከሰዓቱን ሙሉ አወሩኝ። ሥራውን የጠየቀ ሰው ሰውዬውንም ያገኘዋል። በሰፈራችን ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ከእኔ ቀድማ ሳታውቅ አልቀረችም፤ ቤት ለቤት ስትዞር ሲስተር ዘንድ ጎራ ማለት አብዝታለች። መርሐ ግብሩ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ቢሆንም ለሲስተር አዲስ ነገር አይደለም፤ ልጅቱ ስለ አጎበር አጠቃቀም ስትናገር እሳቸው ጣልቃ ገብተው «መጀመሪያ የት እንደሚተኙ ጠይቂያቸው፤ ከቤት ውጭ እህል የሚጠብቀውስ?» ይሏታል። ልጅቱም ማስታወሻዋን አውጥታ ትጽፋለች።

ስለ እሳቸው ልጽፍ እንደ ሆነ ነግሬ ፈቃዳቸውን ስጠይቅ ሁለት ነገር አዘዙኝ። አንደኛው ስማቸውን እንዳላነሣ ነው፤ ሁለተኛው የላቦራቶሪውን ልጅ እንዳልረሳ። ስለ እሱ ሲናገሩ የሚያስታውሱት ብዙ ነው። ቆላ ድባ ሲመጣ ከእሳቸውም ያነሰ ልጅ ነበር፤ ከሰው ጋር ብዙ አይነጋገርም። መብራት ስላልነበረ ማይክሮስኮፑ የሚሠራው ከሥሩ ባለች መስተዋት የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ ነው፤ ልጁም ጠረጴዛውን መስኮት ሥር አድርጎ፣ ፀሐይዋ ስትዞር መስተዋቱን እያዞረ፣ ጠዋት የተቀመጠ ማታ ይነሣል። ከታማሚው ጣት የወሰደውን ደም መስታወት ላይ ያደርቃል፣ ጊምሳ በሚባለው ቀለም ያቀልማል፣ አንድ በአንድ ያያል። ደመና ሲሆን ብርሃን ስለማይበቃው ያላነበባቸውን በቅደም ተከተል ደርድሮ ለነገ ያሳድራል እንጂ በግምት «አለበት፣ የለበትም» ብሎ አያውቅም። በጥቅምትና በኅዳር፣ ወረፋው ግቢውን ሲሞላ፣ ምሳውን ሲስተር ይወስዱለታል፤ አንድ ዐይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሣ በግራ እጁ ይጎርሳል። አንድ ዓመት ራሱ በወባ ተያዘ። ትኩሳቱ ሲነሣበት ተኝቶ፣ ሲለቅቀው ተነሥቶ እየተቀመጠ ሥራውን ቀጠለ፤ የራሱን ደም ያነበበውም ራሱ ነው፤ ውጤቱንም ከሌላው ታማሚ ጋር በተራ ቁጥሩ መዝገቡ ላይ ጻፈው። «እኔ የሰጠሁት ኪኒን ሁሉ እሱ አይቶ የሰጠኝ ነው፤ እሱ ከሌለ እኔ በጨለማ ነበርኩ። ይህን ጻፍልኝ» አሉኝ ሲስተር።